መስታወት ፊት የቆመው ወንድም

«በቃ፣ እዚህ ጋ አቁሚ» አሉ የጽሑፍ መምህርቷ።

ሬዲዮ ወረቀቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሬዲዮ ቅጽል ስሟ ነው፤ አፏ ስለማያርፍ የክፍሉ ልጆች ያወጡላት። ያነበበችው ገና ሁለት መስመር ነበር፤ ፀሐይ ወርቃማ ጮራዋን ስትፈነጥቅ፣ አእዋፍ ሲዘምሩ።

«ይቺን ፀሐይ የዚህ ክፍል ግማሹ ልጅ ጽፏታል» አሉ መምህርቷ። «ደክሟታል፣ ትረፍ።»

ልጆቹ አውካኩ። ሬዲዮም ሳታስበው አብራ ሳቀች።

መምህርቷ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ መጻፍ የተማርኩት እናቴ ፀጉር ቤት ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ለማድረቅ ካስክ ውስጥ ሲገቡ ጆሯቸው አይሰማም፤ ስለዚህ ሚስጥራቸውን እየጮኹ ነበር የሚያወሩት። እኔ ጥግ ላይ ፎጣ እያጠፍኩ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ሰው እንዴት እንደሚዋሽ፣ እንዴት እንደሚያፍር የሰማሁት እዚያ ነው። እናንተም ቤት አንድ ነገር አይጠፋም። ጆሯችሁን ስጡትና ለጓደኛ እንደምታወሩት አድርጋችሁ ጻፉት። ማሳመሩ ይደርሳል።»

ሬዲዮ እሷ ቤት ያለው ነገር ወዲያው ትዝ አላት፦ ታላቅ ወንድሟ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። ለቃለ መጠይቅ በተጠራ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይዘጋና መስታወቱን እንደ ሥራ አስኪያጅ ያናግረዋል። አንዳንዴ ሥራ አስኪያጁንም ሆኖ ይመልሳል። አንዴ እንዲያውም ተጣልተው ወጣ።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታወርድ መጻፍ ጀመረች። እጇ ሐሳቧን መከተል አቃተው። መጨረሻ ላይ ወንድሟን ሥራ አስገባችውና ብዕሯን አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስታነብ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስታወቱን «እባክዎ ጌታዬ፣ እናቴ ደክሟታል» የሚልበት ቦታ ስትደርስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሬዲዮ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

«ዓርብ ወላጆች ሲመጡ የምታነቢው ይሄን ነው» አሉ መምህርቷ ከመቀመጫቸው ተነስተው።

«አቦ ገደልሽን» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ከዚያ ጠጋ ብላ «ግን ዓርብ የሚመጣልሽ ብሮሽ አይደል እንዴ?» ስትል ጠየቀቻት።

ሬዲዮ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት መሰላት። እናታቸው ሥራ ስለማይፈቅድላት የሚመጣው ወንድሟ ነው።

«የጻፍኩት ስለ አጎቴ ነው በይ» አለች ጓደኛዋ። «ማን ያጣራል?»

ሬዲዮ ከክፍል ሲወጡ መምህርቷን ተከትላ ምን ይሻላል ብላ ጠየቀቻቸው።

«ወንድምሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብለዋት ሄዱ።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። አጎት የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ወንድምዬ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህ?»

አነበበችለት። ጠቡ ጋ ስትደርስ ከንፈሩ ሳቅ ሳቅ አለው። እናታቸው ጋ ስትደርስ ካውያውን ከሶኬት ነቀለ።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አላት ስትጨርስ።

«አይደለም። ዓርብ ላነበው ነው። አታንብቢው ካልከኝ እተወዋለሁ።»

ሸሚዙን ገልበጥ አደረገ። «ይሄ ሁሉ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር ማለት ነው?»

«በሩ ስስ ነው።»

ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ ሥራ አገኘ የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ደስ እንዲል ብዬ።»

«ገና እየሞከርኩ እኮ ነው ሚጣዬ። ምን አስቸኮለሽና ጨረስሽኝ?»

ሬዲዮ የመጨረሻውን ገጽ መልሳ አየችው።

«ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጣላሁት እንደሱ ብዬ አይደለም» አለ ወንድሟ። «አበላሽተሽዋል።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው?»

ገና ያልቀዘቀዘውን ሸሚዝ ለበሰ፤ እስከ አንገቱ ቆልፎ ሳሎኑ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሬዲዮ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የመጨረሻውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው፤ ወረቀቱንም ገለበጠች።

«ቀስ እያልክ» አለችው፤ «እየጻፍኩ ነው።»