የኬሚስቷ ፊርማ

«የጃኬቱ እድፍ ይለቃል?»

«እንደ ጨርቁ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። እርሳስ ጃኬቱን የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባንኮኒ ላይ አኖረው። ገበሩ ውስጥ ጥፍር የምታህል ጥቁር ላስቲክ ተሰፍታለች።

እርሳስ የስለላ ስሙ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ግን ሰባት ወር ሙሉ «ቴክኒሻኑ» ሲባል ቆይቷል። ላስቲኳ ኤሌክትሪክ የምታስተላልፍ ፖሊመር ናት። በቺፕና በመሞከሪያ ሰሌዳ መሃል ስትገባ፣ ያለ ብየዳ፣ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሲግናል ሳይዛባ ያልፍባታል። የላቦራቶሪው አሮጊት ኬሚስት አስራ አንድ ዓመት ለፍተውባታል።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው የስለላ አለቃው ጃኬቱን ጠቀለለው።

«ጎበዝ። አሁን ወደ ሥራህ ተመለስ።»

«ዛሬ አስወጣሃለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«ዛሬ ብትጠፋ አንተን ይጠረጥራሉ። ለጥበቃዎቹ ሌላ ሰው ጠቁመናል።»

«ማንን?»

«አሮጊቷን።»

ወደ ላቦራቶሪው ሮጠ።

ሲደርስ የኬሚስቷ መሳቢያ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል። የጥበቃ ኃላፊው ወረቀት ይዟል።

«አንድ ላስቲክ ጎድሏል። ጠዋት ‹ተበላሽቶ ተጥሏል› ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የተበላሸውስ የታለ?»

ኬሚስቷ እርሳስን ሰረቅ አድርገው አዩትና ዓይናቸውን መለሱ።

እርሳስ ገባው። እሱ ላስቲኳን ቀዶ፣ ፈርቶ የደበቃት መስሏቸው ነው የፈረሙት። ባለፈው ወር አንዱን ሲቀድ እንኳ «አይዞህ ልጄ፣ እጅህ ይለምዳል» ብለው ስቀው አልፈውት ነበር።

ኃላፊው ወደ እሱ ዞረ። «ትናንት አብረሃቸው አልነበርክም?»

መናገር ይችላል።

አንድ ቃል ይበቃል።

«እሱን ተዉት» አሉ ኬሚስቷ። «ምንም አያውቅም። የታመመች እናቱን የሚጦር ልጅ ነው።»

የታመመች እናት የለችውም። እሷንም የፈጠሩለት አለቆቹ ናቸው።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ኬሚስቷ ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ አኖሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ምድጃውን አስር ሰዓት ላይ አጥፋው እሺ? ላስቲኩ እንዳያርብህ።»

አጠፋው።

በሦስተኛው ሳምንት መልቀቂያ አስገባ። «የበላዮቹ ኮርተውብሃል» አለው አለቃው በስልክ። እርሳስ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ስለ ኬሚስቷ የሰማው አምስት ዓመት እንደተፈረደባቸው ብቻ ነው።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ሰው ሲያናግረው ቀና ብሎ አያይም። ደንበኞቹ ጨዋ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው ይሉታል።