ሸለቆው ደረቅ ነው

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ጭጋጉ ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሞላው እግረኛው የራሱን ጫማ እንኳ አያይም ነበር። ፉጨቱ ግን በቀኝ በኩል ካለው ገደል፣ ከላይ፣ ጥርት ብሎ መጣ። ከፊቱ ይሄድ የነበረው ሽማግሌ መሪ እንደ ግንድ ቀጥ አለ።

«አባባ፣ እዚህም ሰው አለ እንዴ?»

ሽማግሌው ወደ ገደሉ አንጋጠጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። ድንገት ዞሮ የእግረኛውን ክንድ አፈፍ አደረገና ወደ ፉጨቱ ጎተተው።

«ውጣ! ቦርሳህን ጣለው፣ ውጣ!»

ድንጋዩን በጥፍራቸው እየቧጠጡ ወጡ። የሦስት ሰው ቁመት ያህል ከፍ እንዳሉ ከኋላቸው ሸለቆው አጉረመረመ። ደራሽ ውሃ ነው። ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ መጥቶ፣ አሁን ቆመውበት የነበረውን አሸዋ ከነቦርሳው ጠራርጎ ሄደ። እነሱ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልዘነበም፤ ዝናቡ የወረደው ርቆ፣ ከተራራው ወዲያ ነው።

«ማን ነው ያፏጨልን?» አለ እግረኛው፣ ትንፋሹ ሲመለስ።

ሽማግሌው ገመዱን ከትከሻው ፈታ። «ውጣ በል። ውሃው ቢጎድልም ተመልሶ ይመጣል፤ ገና አላለቀለትም።»

ያን ጊዜ ነው እግረኛው ስልኩን ከደረት ኪሱ ያወጣው፤ የቀጠረው ጽሑፍም ትዝ ያለው።

እግረኛው የሚለውን ስም እናቱ አላወጣችለትም። በስልኩ ለሚጽፈው ብሎግ ራሱ ያወጣው ነው። ኔትወርክ በሌለበት አገር ስለሚዞር አንድ ልማድ አለው፦ የነገውን መንገድ ዛሬ ይጽፍና ሰዓት ይሞላለታል፤ ጽሑፉ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱን ያወጣል። ጓደኞቹ «ሳይበላ የሚያገሳ» እያሉ ይቀልዱበታል። ትናንት በሸለቆው ላይኛው መግቢያ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጦ የዛሬውን ጽፏል፦ «ሸለቆው ደረቅ ነው። አልፈነዋል። ተከተሉን!» የሚወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

በዚያችው ሻይ ቤት ደግሞ አምስት ተጓዦች ይጠብቁታል። አንዷ ታናሽ እህቱ ናት። «ጽሑፍህን ሳላይ ንቅንቅ አልልም» ብላው ነበር እየሳቀች። «ዋሽተህ ብታስገባኝ ለእማማ ነው የምነግርብህ!»

ውሃው የፈሰሰው ከጎን በሚገባው ስርጥ ነው፤ ሽቅብ ወደ ሻይ ቤቱ አይሄድም። እዚያ ያሉት ደረቅ አሸዋ ብቻ ያያሉ። መመለሻውን ደግሞ ጎርፉ ቆርጦታል።

«ኔትወርክ የት ነው ያለው፣ አባባ?»

ሽማግሌው በአገጩ ወደ ላይ አሳየው። የገደሉ አናት ከጭጋጉ በላይ፣ ሰማዩ ሥር ነበር። ሦስት ሰዓት ሆኗል። ባትሪው ስድስት በመቶ ነው።

ወጡ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር፤ እግር በያዘ ቁጥር ይከዳል። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ ጠባቧ መተላለፊያ ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ጥርሱን ገልጦ ተቀምጦ አገኙት። ከኋላው መንጋው ይጮኻል፤ በሩጫቸው የፈነቀሉት ድንጋይ ይወርዳል። አንዱ የእግረኛውን ግንባር ፈንክቶት አለፈ።

«ዓይኑን አትየው» አለ ሽማግሌው። «ግድግዳ ነህ። ግድግዳ ዓይን የለውም።»

ግድግዳ ሆኑ። እግረኛው ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሳይነቃነቅ ቆመ። ስንት ደቂቃ እንደሄደ እንጃ፤ ዝንጀሮው ሰለቸውና መንጋውን ይዞ ዞረ።

መጨረሻ ላይ መያዣ የሌለው ልሙጥ ድንጋይ ቀረ። ሽማግሌው እንዴት እንደወጣው ራሱ ያውቃል፤ ከላይ ሆኖ ገመዱን ጣለለት። እግረኛው ወገቡ ላይ አሰረ፣ እግሩን አነሳ፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ ቆመ።

«አባባ! ሳብ እንጂ!»

«አንድ ነገር ንገረኝ መጀመሪያ» አለ ከላይ፣ በቀዝቃዛ ድምፅ። «አምናም በዚሁ ስምህ ሸለቆው ደረቅ ነው ብለህ ጽፈህ ነበር። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ልጄ ነው ከስልኩ ያነበበልኝ። አንብቦልኝ ገባ፤ አልወጣም። አምና አንተ እዚህ መጥተህ ነበር?»

ከሥሩ ውሃው ያጓራል። እግረኛው መዋሸት ይችል ነበር። ምላሱ ላይ ሦስት ዓይነት ውሸት ደርሶ ነበር።

«አልመጣሁም» አለ። «ፎቶ አይቼ ነው የጻፍኩት።»

ገመዱ አንድ ክንድ ያህል ላላ። እግረኛው ጮኸ።

«እህቴ ናት ታች ያለችው፣ አባባ! እኔን እንደፈለግህ፤ እሷን ግን…»

«አውቃለሁ። ስትስቅ ሰምቻታለሁ።»

ገመዱ ድንጋዩን ፋቀ። ከዚያ ክንድ በክንድ፣ ቀስ እያለ፣ ሽማግሌው ሳበው።

ገደሉ አናት ላይ ደርሶ ሲዘረር አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል፤ ባትሪው ሁለት በመቶ። አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ብቅ አለች። የተቀጠረውን ጽሑፍ አጠፋ። ከዚያ ደም በነካው አውራ ጣቱ አዲስ ጻፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ጭጋጉ ብቻ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። ላከው፤ የመላኪያዋ ክብ ተሽከረከረች። ወጣ።

«አንብብልኝ» አለ ሽማግሌው።

አነበበለት፦ «ሸለቆው ደራሽ ውሃ አለበት። ማንም አይግባ። አምና ደረቅ ነው ብዬ የጻፍኩት ሳላየው ነው። ያንን አምኖ የገባ ሰው ሞቷል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ስልኩ ላይ የእህቱ መልስ መጣ፦ «እዚሁ ነን፣ አልተነሳንም። አንተስ? ደህና ነህ ወይ?» ሊመልስላት ሲል ስልኩ ጠቆረ።

ያን ጊዜ ፉጨቱ እንደገና ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አሁን ግን ከታች፣ ከውሃው ማዶ ነው።

«ልጄ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ» አለ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን።

ገመዱን አጣጥፎ እግረኛው ጉልበት ላይ አኖረለት። ተነሳ።

«አባባ፣ ወዴት ነው? አባባ!»

ሽማግሌው ፉጨቱን ተከትሎ ጭጋጉ ወዳለበት ወረደ። ዞሮም አላየ።