ባለ ሁለት መቀመጫው የጓሮ ቤት

በስዊድኗ ጎተንበርግ፣ በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሌላ ሰው ተራ ሰዓት ከነካህ አለቀልህ። ማንም ፊት ለፊት አይናገርህም፤ አንጀት የሚበጥስ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፍብሃል። በእኔ ላይ ስንቱ ተለጥፏል!

ጎረቤቴ ቱቫ አንድ ቀን ልብሷን ማሽን ውስጥ ትታ፣ ሆዷን ይዛ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ ሰዓቷ አልፏል። ተረኛው ሲክስተን የሚባል ጀልባ ጠጋኝ ነበር። ወረቀት አልለጠፈም። ልብሷን አጣጥፎ፣ ካልሲዋን ሳይቀር አጣምሮ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። በቃ፣ እዚያው ወደደችው።

መውደዷ ነው ያስፈራት። ዓምና ለሽርሽር ሄዳ የተበከለ ዶሮ በልታ ታማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሆዷ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይነፋል፣ ይቆርጣታል፣ ያስሮጣታል። አንዱ ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኛት። እሷ ግን አባቷ በአንጀት ካንሰር ሲሞት አይታለች። ቁርጠቱ በጀመራት ቁጥር የአባቷ ፊት ይመጣባታል።

ለሲክስተን አልነገረችውም። ሲኒማ ሲጋብዛት ሰበብ፣ እራት ሲጋብዛት ሰበብ። እሱም አልጠየቀም፤ እዚህ አገር የሰው ገመና አይጠየቅም፣ አክብሮት ነው ይላሉ። እሷ ግድ የሌለው መሰላት፤ እሱ ደግሞ የጠላችው መሰለው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በጨዋነት ሊለያዩ ነበር እኮ።

በየዓመቱ በነሐሴ የሲክስተን ወላጆች ደሴት ላይ ባለው ቤታቸው የሸርጣን ድግስ አላቸው።

«ብትመጪ ደስ ይለኛል» አላት። «ካልፈለግሽኝ ደግሞ ንገሪኝ፣ አላስቸግርሽም።»

እንዳታጣው ፈርታ እሺ አለች። ያን ሰሞን አንጀቷን በካሜራ ታይታ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ወደ ደሴቱ የሚወስዳቸው ጀልባ መጸዳጃ የለውም። ሌላው ባሕሩን ሲያደንቅ እሷ ጉልበቷን አቅፋ ሆዷን ስታዳምጥ ደረሱ።

ገና ከጀልባው እንደወረዱ ስልኳ ጠራ። ሐኪሟ ነበረች። ቱቫ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ካንሰር አይደለም» አለቻት ሐኪሟ። «አንጀትሽ በዓይን ሲታይ ንጹሕ ነው። ከአንጀትሽ የወሰድነውን ቅንጣት በማጉያ ስናየው ግን ትንሽ ብግነት አለ። የዶሮው ጀርም ቢሞትም፣ ሊዋጉት የመጡት የሰውነትሽ ሴሎች አልተበተኑም፤ ነርቮቹ አጠገብ ሰፍረው ይቆሰቁሷቸዋል። ሌላውን ሰው የማይሰማው ትንሽ የሆድ አየር አንቺን የሚያምሽ ለዚህ ይሆናል። በሁሉም ሕመምተኛ ላይ አናገኘውም፤ መድኃኒቱንም ገና እየፈለግን ነው።»

«ይድናል?»

«አይገድልሽም። ይለቅሻል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

አለቀሰች። የሞት ፍርሃቷ ወጣና ቦታውን ሌላ ፍርሃት ያዘው። ከዚህ ሆድ ጋር ማን ይኖራል?

ገበታው ሙሉ ነው። እንደ ድግሱ ወግ የወረቀት ቆብ ደፍተው ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ አልቆ ብርጭቆው ሳይጨለጥ መነሣት ነውር ነው። ቁርጠቱ ዘፈኑ መሃል መጣ። ቱቫ ተነሣች። ዘፈኑ ተቋረጠ፣ ሁሉም ዞሮ አያት። ጓሮ ወዳለው የእንጨት መጸዳጃ ሮጣ ገብታ ዘጋችው።

ኮቴ ተከተላት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሲክስተን፣ በእናትህ ሂድ።»

«አልሄድም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም፤ አሁን ልጠይቅሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

በሩን እንደዘጋች ሁሉን ነገረችው፤ ዶሮውን፣ አባቷን፣ ብግነቱን፣ ምናልባት እስከ መጨረሻው እንደማይለቃትም።  አሁን የሚሄድ መሰላት።

«ቱቫ» አለ ከውጭ፣ «አጠገብሽ ሌላ መቀመጫ አለ አይደል?»

ዞር ብላ አየች። ከጎኗ ክዳን የተከደነበት ሌላ የመጸዳጃ መቀመጫ አለ።

«አያቴ ሚስቱ ብቻዋን እዚህ መምጣት ስለምትፈራ ነው ሁለት አድርጎ የሠራው።»

ሆዷን እንደያዘች ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። እጇን ዘርግታ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ሲክስተን የወረቀት ቆቡን እንደደፋ ገብቶ ክዳኑ ላይ ተቀመጠ፣ እጇንም ያዘ። ከውጭ ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። ሁለቱ ግን አልቸኮሉም፤ ቁርጠቱ እስኪያልፍ አብረው ጠበቁ።