የጁምዓው ወንበር

ዊንቹ የለም።

ሰላህ ቀኝ እጁ ከመኪና ፓራውልት መደርደሪያው ጋር በካቴና ታስሯል። የኮንቴነሩ ቆርቆሮ ግሏል። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ይህ ሱቅ ጭቃና ድንጋይ ለማይፈሩ ባለሁለት ወንበር መኪኖች ተጨማሪ ዕቃ ይሸጣል፤ በመኪኖቹ ላይ የሚገጥመው ሰላህ ነው።

የጠፋውን ዊንች፣ መኪና ላይ ተገጥሞ በገመድ የሚጎትተውን ሞተር፣ ጠዋት ያመጣው የሐይቅ ዳሩ ሎጅ ሹፌር ግሩም ነው። ከዚሁ ሱቅ ገዝቶ ከጣና እምቦጭ ሲጎትትበት፣ ገና በአዲስነቱ ተቃጠለ። «ከጁምዓ በኋላ ፊቴ ትከፍቱታላችሁ» ብሎ ትቶት ሄደ።

ሰላህና ባለሱቁ ከስግደት ሲመለሱ ዊንቹ የለም።

ሳጅን እናትዓለም መጀመሪያ ግሩምን ጠርጥራ ነበር። እሱ ግን በዚያ ሰዓት እንግዳ ይዞ ጢስ ዓባይ ነበር።

«ማን ቀድሞ ተመለሰ?»

«እኔ» አለ ሰላህ።

«በሩን ቆልፈህ ነበር?»

«በጁምዓ አንቆልፍም። ወንበር በሩ ላይ አስቀመጥሁ። ወንበር ካለ ማንም አያልፍም።»

«ስትመለስስ?»

«እንዳስቀመጥሁት ነው።»

ባለሱቁ ሙሔ ራሱን ነቀነቀ። «እንደ ልጄ ነበር የማየው። በቃ፣ ውሰዱት።»

ሰላህ እጁን ሳበ። ብረቱ ተንኳኳ። ሌባ ተብሎ ከዚህ ከወጣ፣ በዚህች ከተማ ማን ሱቁን አምኖ ይሰጠዋል?

ሳጅኗ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አየች። «ይሄስ?»

«የዊንቹ ሪሞት» አለ ሰላህ።

«ያለሱ ይሸጣል?»

«ማን ይገዛዋል!»

«እንግዲያ የወሰደው ሊሸጠው አይደለም። እንዳይታይ ነው።»

ወጣ ብላ ከጎን ሽንኩርት የሚሸጡትን ወይዘሮ ጠየቀች። «እትዬ ወለተ ኪዳን፣ በስግደት ሰዓት ማን ገባ?»

«ወንበር ተቀምጦ? በማርያም፣ ማንም!»

«ሙሔስ?»

«ኧረ እሱማ ባለቤቱ! መጣ፣ ወንበሩን አነሳ፣ ሰጋጃ ብቻ ይዞ ወጥቶ መለሰው። ባለቤት ገባ ይባላል እንዴ?»

ሙሔ ከበሩ ፈቀቅ አለ። «ሰጋጃዬን ረስቼ ነው።»

«እንግዲያ ዊንቹ ከዚህ አልወጣም። የአዲሶቹን ዊንቾች ካርቶኖች አውርድ» አለችው ሳጅኗ።

አልተንቀሳቀሰም። ራሷ አወረደች፤ እያንዳንዱን ከፈተች። አንዱ ውስጥ፣ ገመዱ ላይ የእምቦጭ ሥር ተጠምጥሟል። ሰላህ ፊቱ ስታኖርለት በግራ እጁ ብሎኑን ፈታ። ከሚያብረቀርቀው ክዳን ሥር ዝገቱ በቀለም የተሸፈነ አሮጌ ሞተር ወጣ።

«አንድ ሰው ካየ» አለ ሙሔ ቀስ ብሎ፣ «የሸጥሁት ሁሉ ይመለሳል። ስሜ ይጠፋል።»

«የእኔስ ስም፣ ጋሼ?»

ካቴናው ከሰላህ ወደ ሙሔ ተሻገረ።

ሳጅኗ የፖሊስ መኪና ልትጠራ ደጅ ቆመች። ሰላህ የእጁን አንጓ እያሸ ወጣና እንደ ልማዱ ወንበሩን አንስቶ በሩ ላይ አስቀመጠው።

«አይዞህ» አሉ እትዬ ወለተ ኪዳን። «ማንም አያልፍም።»

ከውስጥ ብረቱ ተንኳኳ።