ቀዳዳ የሌለው ወረቀት

የቀስት አሠልጣኙ ክሊቭ ከገለባው ዒላማ ሥር ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደረቱ ላይ የተሰካው ፍላጻ የኔሪዳ ስም አለበት። ከአውስትራሊያዋ ባላራት ከተማ ወጣ ባለችው የቀስት ሜዳችን ከዚያ በፊት የሞተ ነገር ቢኖር ጥንቸል ነው፤ እሱም በመኪና ተገጭቶ።

መርማሪዋ ሎይስ ስትደርስ ሜዳው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኔሪዳ፣ አሮጊቷ ጸሐፊያችን ግዌንና የሜዳው ኃላፊ ዴስ።

«በዓይኔ ነው ያየሁት!» አለ ዴስ ሳይጠየቅ። «ይቺ ልጅ እዚያ የዒላማ ወረቀት ላይ ስትለማመድ ነበር። ክሊቭ ፍላጻ ሊለቅም ሲሄድ ወደ እሱ አነጣጠረች። አምስት እስክቆጥር እጇ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ለቀቀችው!»

«ውሸታም!» አለች ኔሪዳ። «ቀስቴን እዚህ ትቼ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ።»

«ምን ትሠሪ ነበር?» አለች ሎይስ።

«አለቅስ ነበር።»

«ለምን?»

ኔሪዳ አቀረቀረች። እስር ቤት ከፊቷ ተደቅኖ እንኳ ያን መናገር አልቻለችም፤ አይ እኛ ቀስተኞችና ጉራችን!

ሎይስ ዒላማው ላይ የተሰካውን ወረቀት ነቅላ ከሥሩ ያለውን ገለባ ዳበሰችው። ከክሊቭ ኪስም ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ከዚያ ግዌንን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ወረቀቶቹ የት ነው የሚቀመጡት?»

«መጋዘን። ቁልፉ ያለው ዴስ ጋ ብቻ ነው፤ ለኔ እንኳ አይሰጥም፣ ቋጣሪ! ሐሙስ ለታ ዴስ ሰክሮ ሲተኩስ ክሊቭ ይዞት ከሥራ አባሮታል። ቁልፉን ዛሬ ሊያስረክብ ነበር የመጣው።»

ሎይስ ሁሉንም ሰበሰበችና ደብተሩን ገለጠች። «‹አርባ አንደኛ ቀን። ወረቀት የለም። ዓይኗን ጨፍና ከሦስት እርምጃ ትተኩሳለች። ዒላማ ካየች ጣቷ ሳታዝዘው ይለቃል።› ኔሪዳ የዒላማ ድንጋጤ አለባት።»

ግዌን ጆሮዋን ያዘች። እኛ ቀስተኞች ጋ የዚያ በሽታ ስም አይጠራም፤ ይጋባል ስለምንል። ኔሪዳም ለዚህ ነው ከክሊቭ በቀር ለማንም ያልነገረችው።

«ዴስ፣ እሷ ዓይኗን ገልጣ ካነጣጠረች አንድ እስኪቆጠር እንኳ መያዝ አትችልም፤ አንተ አምስት አልክ» አለች ሎይስ። «ገለባው ተበሳስቷል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ የለም። የተሰካው ከልምምዱ በኋላ ነው። መጋዘኑን ደግሞ ካንተ በቀር የሚከፍተው የለም።»

«ባዶ ገለባ ላይ የሚለማመድ ማን አለ!» ዴስ ጮኸ። «ማን ያምነኛል? ወረቀት ሳልሰካ ልተወው ኖሯል?»

ምን እንደተናገረ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው። ከሎይስ ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

ኔሪዳ ግን አልተነሳችም። «አሁን ሁሉም አወቀ። ክሊቭም የለም። በቃ፣ ቀስት ድሮ ቀረ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አለች ግዌን። «ይሄ በሽታ እኔን ከያዘኝ ሃያ ዓመቱ ነው። ቀስት ትቼ ጸሐፊ የሆንኩት ወረቀት ወድጄ መሰለሽ? ተነሽ!»

ኔሪዳ ከባዶው ገለባ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀስቷን ሳበች። ቶሎ እንዳትለቅ ክሊቭ ይቆጥርላት የነበረውን ግዌን እያለቀሰች ቆጠረችላት።

«አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...»

ጣቷ አልለቀቀም።

«አምስት።»