ከጠፋው ስፒከር የወጣ ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬ ሳውንድ ነው፣ እንግዳ ድምፅ ከሰማሁ መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው፣ ሰው ስለ ጂን ሲያወራልኝም ስቄ የማልፍ ነበርኩ። በቅርቡ ጭሮ ከተማ ኮንሰርት ላይ የገጠመኝን ግን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሜዳው ጢም ብሏል። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ጀማል ሚክሰሩ ጋ ቆመናል፣ ሁለታችንም ጆሯችን ውስጥ መከላከያ ስፖንጅ ጠቅጥቀናል፣ ሕዝቡ ግን ባዶ ጆሮውን ይዞ ስፒከሩ ላይ ተለጥፏል። ዘፋኙ ከመድረክ "ጨምር" ባለኝ ቁጥር እጨምራለሁ። ስፒከሩ ሥር ኦቾሎኒ የሚሸጡት አዴ ዘይነባ መጡና በእጃቸው ወደ ታች እያሳዩ፣ "ልጄ፣ ቀንስልን፣ ጆሯችን ሞተ" አሉኝ። እመነኝ፣ ከከንፈራቸው በደንብ ገብቶኛል፣ ግን አልሰማም ብዬ ጆሮዬን አሳየኋቸውና ፊቴን አዞርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ፣ ሚክሰሩ ላይ አንድ መብራት እንኳ አልቀረም። በዚህ መሀል ከስፒከሩ መጀመሪያ ጉሮሮ የመጥረግ ነገር፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ከዚያ የአሮጊት ድምፅ፣ "ልጄ፣ ሰማኸኝ?" አለኝ። መድረኩን አየሁ፣ ማይኩ አጠገብ ማንም የለም። ስፒከሩ ፊት ከቆሙትም አንድ ሰው ዞር አላለም።

"ሰማህ?" አልኩት ጀማልን፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባቴ ነው" አለኝ፣ "ወላሂ፣ በኦሮምኛ ስሜን ጠራኝ።"

"የሴት ድምፅ እኮ ነው፣ አባትህስ ያሉት ሚኤሶ ከተማ አይደል እንዴ?" አልኩት፣ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ስፖንጁን አውጥቼ አዴ ዘይነባ ጋ ሮጥኩ።

"እናቴ፣ አሁን እርስዎ ነዎት የጠሩኝ?"

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብዬ ጮህኩ፣ አጠገባችን ያሉት ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ።

"ጮክ በል፣ ልጄ" አሉኝ፣ ፊታቸው ላይ ቂም እንኳ የለም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ፣ ዘፋኙ ተቆጣ፣ ሕዝቡ "ድምፅ፣ ድምፅ" አለ፣ አልጨመርኩም። ጀማል ወጣ ብሎ አባቱ ጋ ደወለ፣ ሲመለስ ምን እንዳሉት ጠየቅኩት። ገመድ መጠቅለል ጀመረ፣ ኮንሰርቱ ገና እኮ አላለቀም። እስከ ዛሬም አልነገረኝም፣ እኔም ደግሜ መጠየቁን ፈራሁት።