ዘንዶ የተባለው ባጃጅ

«ይኼስ ጸበል ሲነካው የሚለፈልፍ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደቆሙ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሕሊና ግን አልሳቀችም፤ የተሳቀበት የወንድሟ ባጃጅ ነበር።

ወንድሟ እንድርያስ ንፋስ መውጫ ውስጥ በብየዳ የሚተዳደር ወጣት ነው። ባለፈው ክረምት ስልኩ ላይ አንድ የእሽቅድምድም መኪና አይቶ ልቡ ጠፋ። መኪናው በዓለም ላይ ከጥቂቶች በቀር አልተሠራም። አፍንጫው እንደ ማረሻ የሾለ ነው፤ መብራቶቹም እንደ ሌላው ግራና ቀኝ መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። ከፎቶው ሥር የማይተዋወቁ የሩቅ አገር ሰዎች እንኳ «ያምራል»፣ «ያስጠላል» እያሉ ይሰዳደባሉ። ሕሊና ግን ገና ስታየው ወደደችው። ቆሞም የሚሮጥ ይመስላል አለችው። እሱም ይህን ይዞ ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ከረመና፣ ተበላሽቶ የተጣለ ባጃጅ ገዝቶ ፊቱን ያንን መኪና አስመሰለው።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ተማሪው «አራዳ ነው» ብሎ አጠገቡ ፎቶ ለመነሣት ይጋፋል። ወይዘሮ ታንጉት ደግሞ ሕፃን ልጄ ይደነግጥብኛል ብለው አልሳፈርም አሉ። ባጃጅ ነጂዎቹማ ምቀኝነትም ሳይኖርበት አይቀርም፣ «ዘንዶው» ብለው ስም አወጡለት። መቼም ያልተባረከ ተሽከርካሪ ላይ የሚወጣ ገበያተኛ በዚያ አገር ብዙ አይገኝም፤ አባቱ ቄስ ቀለመወርቅ ካልባረኩለት የእንድርያስ እንጀራ ተዘጋ ማለት ነው።

ቄስ ቀለመወርቅ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ዜማ ተምረው ያደጉ፣ ከዜማው አንዲት ምልክት ብትዛነፍ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። የተቀበሉትን እንዳለ ማስተላለፍ እንጂ ጨምሮ ማሳመር አይሆንላቸውም። በጥቅምት ሚካኤል ዕለት፣ ሽማግሌው ሰውን ባሳቁበት በር ላይ፣ መስቀላቸውን ይዘው ባጃጁን ዞሩት። ከሕዝቡ ግማሹ የልጁ የእጅ ሥራ ነውና ይባርኩለት ሲል፣ ግማሹ አጉረመረመ። ግራ ቢገባቸው ወደ ልጃቸው ወደ ሕሊና ዞሩ።

«አንቺ አትዋሺም። ይኼ ነገር ያምራል?»

እንድርያስ ፈገግ አለ፤ መልሷን ያውቀዋላ። ከኋላዋ ግን የክፍል ጓደኛዋ ሜሮን ስልኳን ደቅና እየቀረጸች ትስቃለች። ነገ ትምህርት ቤት «የዘንዶው እኅት» መባሏ ታያት።

«ያስፈራል» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቷ ጸበሉን ሳይረጩ ተመለሱ። እንድርያስ ክረምቱን ሙሉ የለፋበትን የባጃጁን ፊት በአንድ ከሰዓት ቆርጦ ጣለው። ላግዝህ ብላ ብትጠጋው «ተዪው» ብቻ አላት።

በሳምንቱ እሑድ ቄስ ቀለመወርቅ እንደማንኛውም ባጃጅ የሆነውን ባጃጅ ባረኩት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወይዘሮ ታንጉትም ልጃቸውን ታቅፈው ተጠጉ። አባቷ ፊታቸው በርቶ መጀመሪያ እንድትሳፈር ሕሊናን ጠሯት።

«ግቢ እንጂ ልጄ። አየሽ አሁን እንዴት እንዳማረበት?»

ሜሮንም አለች፤ ስልኳም በእጇ ነው።

«አላማረበትም አባባ» አለች ሕሊና። «የሚያምረውስ የፊተኛው ነበር። ያን ዕለት ዋሸሁዎት።»

እልልታው ተቋረጠ። እንድርያስ መሪውን እንደጨበጠ ፊት ለፊቱን ያያል፤ ወደ እሷ አልዞረም።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወይዘሮ ታንጉትን ከነልጃቸው አሳፍሮ ሄደ።

ሕሊናም እሱ ራሱ «ግቢ» እስኪላት ድረስ በዚያ ባጃጅ ላትሳፈር ወስና፣ አቧራማውን መንገድ በእግሯ ተያያዘችው።